ጋሼ ካሳሁን፣ በሌላ አነጋገር

ከተማ የተባለ ሁሉ ውሃ፣ መብራትና አንድ የሚያስረዳ ሰው አለው። ውሃው ይጠፋል፣ መብራቱም ይጠፋል፤ የሚያስረዳው ሰው ግን ጠፍቶ አያውቅም። ሰርግ ቤት ብትሄዱ አለ። እድር ስትሰበሰቡ ከፊት ወንበር ላይ ነው። ነገሩ ገብቷችሁ፣ ደስ ብሏችሁ፣ ልትነሱ ስትሉ እጁን ያወጣና «አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ» ይላል። ያን ጊዜ የገባችሁም ይወጣል።

ለደብረ ታቦር የደረሷት ክቡር አቶ ካሳሁን ናቸው። ክቡርነታቸው በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የሃይጂን ባለሙያ ሲሆኑ ሥራቸው ምግብ ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱንና ጠላ ቤቱን እየዞሩ ንጽሕናውን መቆጣጠር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ዞረዋል። ከትከሻቸው ጥቁር ቦርሳ፣ ከደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ፣ ከአፋቸው ደግሞ «በሌላ አነጋገር» አይለይም። አንድ ነገር ይናገራሉ። ቀጥለው «በሌላ አነጋገር» ብለው ያንኑ እንደገና ይናገሩታል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ይጣላል። በመጨረሻ «ግልጽ ነው?» ይላሉ። ሰው ሁሉ ግልጽ ነው ይላል። አይደለም ካለ አራተኛው ሊመጣበት ነዋ።

መናኸሪያው አካባቢ ያለ ነጋዴ ሙሉ ስማቸውን አይጠራም። «በሌላ መጣ» ሲባል ድስቱ ይከደናል፣ ወለሉ ይጠረጋል፣ ምክንያት ያለው ሰው በጓሮ በር ይወጣል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ሰው ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወስደውን መንገድ ጠየቃቸው አሉ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ የባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐሙሲት መውረድ፣ ከዚያ መጠየቅ። ጋሼ ካሳሁን አስረዱት። ሰውየው ከሰዓት በኋላ እዚሁ ከከተማው ሳይርቅ ጋፋት፣ የገብስ ማሳ መሀል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተገኘ። ማን እንዳየው አይታወቅም። ግን አላየሁም የሚል ሰው የለም።

ይህ ሲወራ ከሁሉ በላይ የምትስቀው ጥሩወርቅ ነበረች። ሳቋ ያበቃው ምግብ ቤት የከፈተች ዕለት ነው።

ቤቱ አራት ጠረጴዛ፣ ከጀርባው ጠበብ ያለች ወጥ ቤት አለው። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ሐሙሲት ነው፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። እሷ የአምስት ዓመት ልጇን እፀገነትን መዋዕለ ሕፃናት እያደረሰች ከንጋት እስከ ምሽት ትሠራለች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳታነብ አትጥልም። ስለዚህ ጋሼ ካሳሁን ዘጠኝ ነጥብ ያለው የማስተካከያ ወረቀት ሰጥተዋት «በሰባት ቀን ካልተስተካከለ ይታሸጋል» ሲሏት አልደነገጠችም። ፊደል የቆጠረ ሰው ወረቀት ያቅተዋል ብላ አላሰበችም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ተያዘች። «ጥሬ እና ለመመገብ ዝግጁ የሆኑ ምግቦች የሚዘጋጁባቸው ቁሳቁሶች እንዲለያዩ» ይላል። ጠየቀቻቸው፤ ስህተቷ እሱ ነው።

«ማለት፣ አንዱ ሌላውን እንዳያረክሰው» አሉ ጋሼ ካሳሁን። «በሌላ አነጋገር፣ የዚህኛው ወደዚያኛው እንዳይሻገር። በሌላ አነጋገር፣ ቢላዋውም ሁለት፣ መክተፊያውም ሁለት ይሁን፤ የአንዱ የሌላውን አይንካ። ግልጽ ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው ግልጽ ሆነ። እንዳያረክሰው ነው ያሉት። የጾምና የፍስክ ነው እንግዲህ። ይሄንማ ማን ይነግራታል? የፍስክ ቢላዋ የጾም ሽንኩርት ነክቶባት አያውቅም። መንግሥት ይህን ያህል ለጾም የሚጨነቅ መሆኑ ትንሽ ቢገርማትም ደስ አላት። ነጭ ክር በጾሙ፣ ቀይ ክር በፍስኩ ቢላዋ እጀታ ላይ አስራ በሰባተኛው ቀን ጠበቀቻቸው።

«ይኸው ጋሼ። ነጩ የጾም፣ ቀዩ የፍስክ።»

ጋሼ ካሳሁን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ጥሬ ሥጋ የሚቆረጠው በየትኛው ነው?»

«በፍስኩ።»

«የተቀቀለ ሥጋስ?»

«በፍስኩ ነዋ። ተቀቀለ ተብሎ ጾም አይሆን።»

«ያልታጠበ ካሮትስ? የተጋገረ ዳቦስ?»

«ሁለቱም በጾሙ።»

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ጾሙን ለጊዜው ይተዉት።»

«ጾሙን ልተው?»

ጎረቤት ሥጋ ቤት ያለው ማሩ ይህን በግድግዳው ሰምቶ ቢላዋውን እንደያዘ መጣ። «ጤና ጽሕፈት ቤት ጾም ማስገደፍ ጀመረ እንዴ? ቀድማችሁ ብትነግሩኝ በሬ እገዛ ነበር።»

ጋሼ ካሳሁን ለሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምረው አስረዱ። ጥሬ ነገር ጀርም አለው፣ ለመበላት የተዘጋጀው እሳት ያየ ነው፣ ስለዚህ አይገናኙ አሉ። ማሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማና «እሺ ጋሼ፣ ቁርጥስ? ጥሬ ነው ወይስ ለመመገብ ዝግጁ?» አላቸው።

የወጥ ቤቱ ዝንብ እንኳ ቆሞ የሚጠብቅ መሰለ።

«ቁርጥ» አሉ ጋሼ ካሳሁን፣ «ጥሬ ሆኖ… ዝግጁ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዝግጁ ሆኖ…» ደብተራቸውን አወጡና «ይጣራል» ብለው ጻፉ። እስከ ዛሬም አልተጣራም።

ጥሩወርቅ ተጨማሪ ሰባት ቀን ተሰጣት። እሷም አስባ፣ አውጥታ አውርዳ አራት ቢላዋ ገዛች፤ የጾም ጥሬ፣ የጾም ብስል፣ የፍስክ ጥሬ፣ የፍስክ ብስል። ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ክር። ሰኞ ጠዋት አንድ ቲማቲም ይዛ አራቱ ፊት ቆመች፤ ቲማቲሙ ታጥቧል፣ ግን አልበሰለም፣ ግን ሳይበስል ይበላል። ደንበኛው ከውጭ «እመቤት፣ ዛሬ ነው ነገ?» እስኪላት ቆመች። ጋሼ ካሳሁን አራቱን ቢላዋ አይተው ወረቀቱ ላይ «አበረታች» ብለው ጻፉ። ማለፍ ይሁን መውደቅ አልገባትም። ሰባተኛው ነጥብ «የውሃው ደኅንነት ይረጋገጥ» የሚለው ነበር። ይህኛውን ላትጠይቃቸው ማለች። ፈርታ የምትጠጣውንም፣ የምታበስልበትንም፣ አትክልት የምታጥብበትንም ውሃ ሁሉ አፈላች። ከሰል ፈጀባት፤ ግን ከማብራሪያው ይሻላል።

ሰኔ ገባ። የእፀገነት መዋዕለ ሕፃናት የመዝጊያ በዓል ደረሰና የወላጅ ኮሚቴው የስልሳ ሰው ምሳ ለጥሩወርቅ ሰጣት። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። ይህ ካማረላት በቀጣዩ ዓመት የልጆቹ ምሳ የእሷ እንደሚሆን ሹክ ብለዋታል። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጥቅል ጎመን ሠራች። የከተማው ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነበር፤ እሷ ያፈላችው በርሜል ሙሉ ስለነበራት አልተቸገረችም። ሰው በላ፣ መረቀ፣ ልጆቹ ዘመሩ።

በማግስቱ አሥራ ዘጠኝ ሰው ታመመ። ትውከትና ተቅማጥ ነው። ሁሉም ጤና ጣቢያ ተኙ፤ ለሦስት ሕፃናት ግሉኮስ ተሰካላቸው። አንዷ የገዛ ልጇ እፀገነት ናት።

እስከ ቀትር ወሬው ከመናኸሪያው ዳር እስከ ዳር ደርሶ ነበር። «ከጥሩወርቅ ምግብ ነው።» አራቱ ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። ማሩ በሩ ላይ ቆሞ «እኔ እንኳ አላምንም» አላት። ቆየት ብሎም «ዛሬ ግን ቤቴ በልቼ መጣሁ» አለ።

ጋሼ ካሳሁን መጡ። የተረፈውን ምግብ ናሙና ወሰዱ፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ።

«ታሸገ ማለት ነው ጋሼ?»

«ታሸገ ማለት አይደለም። ማጣራቱ እስኪያልቅ አገልግሎት ለጊዜው ይቋረጣል። በሌላ አነጋገር፣ አልተዘጋም፣ ግን ክፍት አይደለም።»

ጥሩወርቅ ቁልፏን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ልጇ ትድናለች ብለዋታል፤ ቤቷ ይድን እንደሆነ ግን የሚነግራት አልነበረም። ስሙ አንዴ በምግብ የጠፋ ቤት ሳሙና አያጸዳውም። ጥፋቱ በእርግጥ የእሷ ከሆነስ? ቲማቲም አልነበረም። ጎመኑን በየትኛው ክር ነበር የከተፈችው? በሰማያዊው? ሰማያዊው ምን ነበር? የልጇን እግር ይዛ ይህን ስታስብ ጋሼ ካሳሁን ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ገቡና በሽተኛውን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ። በሽተኛ መሮጥ አይችልም።

«ምን በሉ?» ሁሉም አንድ ዓይነት መለሱ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ጋሼ ካሳሁን ጻፉ። «መጠጥ ጠጥተዋል?» «ኧረ በጾም ምድር።» ጻፉ። «ውሃስ?» «ውሃ የታለና?» እሱንም ጻፉ።

መጨረሻ ላይ የተኛው የሱቅ ነጋዴው ሙስጠፋ ነበር፤ ልጁ ኢክራም ከእፀገነት ጋር አንድ ክፍል ናት።

«ምን በሉ?»

«ምንም። ልጄን አድርሼ ሱቄን ልከፍት ተመለስኩ። ምሳው ገና አልወጣም ነበር።»

ጥሩወርቅ ቀና አለች። ሌላ ተቆጣጣሪ ቢሆን እዚህ ላይ «እርስዎ ሌላ ነገር ይሆናል ያመመዎት» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ በሄደ ነበር። ጋሼ ካሳሁን ወንበሩን ሳብ አድርገው ጠጋ አሉ።

«በሌላ አነጋገር፣ ወደ አፍዎ የገባ ነገር?»

«ምንም አልኩ እኮ።»

«መጠጥ?»

«ጋሼ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ።»

«በሌላ አነጋገር፣ ምግብ ያልሆነ፣ ውሃ ያልሆነ፣ መጠጥም መድኃኒትም ያልሆነ፣ ግን የተዋጠ?»

ሙስጠፋ ዓይኑን ጨፈነ። «ሆዴ እየተቆረጠ እንቆቅልሽ ይጠይቁኛል? ወላሂ፣ ምንም… ብርዝ ነው። በር ላይ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ሰጡኝ፣ እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ጨለጥኩት። እሱ ደግሞ ምኑ ይቆጠራል?»

ጋሼ ካሳሁን ጻፉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ መጀመሪያው አልጋ ተመለሱና ሁሉንም እንደ አዲስ ጠየቁ። «ብርዝ?» «አዎ፣ ብርዝማ ጠጥቻለሁ።» «ብርዝ?» «ሁለት ብርጭቆ።» አሥራ ዘጠኙም ጠጥተዋል። አንዳቸውም አልተናገሩም፤ ምክንያቱም ብርዝ ምግብ አይደለም፣ ማር የገባበት ስለሆነ ውሃም አይደለም፣ ስለማያሰክር መጠጥም አይባልም። እፀገነት ከአልጋዋ ሆና «እኔ ሦስት» አለች።

ብርዙን ያመጡት የኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ አለምወርቅ ናቸው። የብርዙ ማር ከራሳቸው ቀፎ ነው፤ ልጆቹ ደስ ይበላቸው ብለው በገዛ እጃቸው በጥብጠው፣ በገዛ እጃቸው ቀዱ። ቧንቧው ስለደረቀ ውሃውን ከጓሯቸው ጉድጓድ አወጡ። ጋሼ ካሳሁን ጉድጓዱን ሄደው አዩ፤ ከሽንት ቤቱ ስምንት እርምጃ ነው፣ የሰኔ ጎርፍም አጥለቅልቆታል።

ቅዳሜ ወላጆች በመዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ተሰበሰቡ። ጥሩወርቅ ከኋላ ቆመች። አሁን ይነገራል፣ ያልቃል፣ ሰኞ ቤቴን እከፍታለሁ ብላለች። ጋሼ ካሳሁን ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«በተደረገው ማጣራት፣ ምግቡ ከሕመሙ ጋር ያለው ተያያዥነት ጉልህ ሆኖ አልተገኘም። በሌላ አነጋገር፣ ምግቡ የለበትም ባይባልም፣ አለበት የሚያሰኝ አልተገኘም።»

«ምን አሉ?» አለች ብዙነሽ የምትባል እናት፣ ልጇን አዝላ።

«የለበትም ባይባልም አሉ።»

«እንግዲያው አለበት።»

«በሌላ አነጋገር» አሉ ጋሼ ካሳሁን፣ «ትኩረት የሚያሻው ከምግቡ ጎን የቀረበው ፈሳሽ ነው።»

«ፈሳሽ? ወጡ ነዋ።»

«ሽሮው ቀጥኖ ነበር፣ እኔ ያኔም ብያለሁ።»

የሰው ዓይን አንድ በአንድ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥሩወርቅ ዞረ። ሰውየው አገኘላት፣ ያገኘውን መልሶ ቀበረባት። ብርዝ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነች፤ አፏን ከፈተች።

ያኔ ነው እትዬ አለምወርቅን ከፊት ያየቻቸው። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ እየፈቱ፣ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ ካሳሁንን ደግሞ አየች። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ እትዬ አለምወርቅ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ብርዝን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያለ ችግር የጠሩ ሰው፣ እዚህ ዙሪያውን ይዞራሉ እንጂ ቃሏን አይረግጧትም።

ጥሩወርቅ አፏን ዘጋች። ከዚያም በሌላ በኩል ከፈተችው።

«ጋሼ ይፍቀዱልኝ፣ እኔ ልናገር። ያሳመመን ውሃ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሁላችንም ያገኘነውን ቀዳን፣ ጉድጓድ ያለው ከጉድጓድ። ክረምት ሲገባ የሽንት ቤቱ ጎርፍ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ያልፈላውን የጠጣ ታመመ። የእኔ ፈልቶ ነበር። ምግቤን ያልቀመሰ ሰው ታሟል፤ ምግቤን ብቻ የበላ ግን አንድም አልታመመም። ይኸው ነው።»

የገባው ሰው ዝምታ ግራ ከገባው ሰው ዝምታ እንደሚለይ ጥሩወርቅ ያን ቀን አወቀች።

እትዬ አለምወርቅ ተነሡ። «ጉድጓዱ የእኔ ነው» አሉ። «ብርዙም።» መልሰው ተቀመጡ።

ሙስጠፋ ከዳር ሆኖ፣ ገና ቀለሙ ያልተመለሰ ፊቱን እየጠረገ፣ «እማማ፣ ብርዙስ ጥሩ ነበር» አለ። «ለከርሞው አፍልተው ያምጡልን እንጂ እንዳይተዉት።» ሰው ሳቀ፤ የእትዬ አለምወርቅም ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንዳሉት ነው» አሉ ጋሼ ካሳሁን። «በሌላ አነጋገር…» ሕዝቡ ግን ተነሥቶ ነበር።

በር ላይ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ እትዬ አለምወርቅ እንዳያፍሩ ብለው ነው አይደል እንደዚያ የተናገሩት?»

ጋሼ ካሳሁን ቆሙና በእውነት የተጨነቀ ፊት አሳዩዋት። «እንዴት ነው የተናገርኩት? ግልጽ አልነበረም?»

ጥሩወርቅ ፊታቸውን መረመረች። ምንም አላገኘችበትም። ማታውን ለማሩ ብትነግረው «ሰውየው መናገር አይችልም፣ አንቺ ደግሞ ጻድቅ አደረግሽው» አላት። ይሆናል። ግን አራት ቢላዋ ፊት ቆማ የነበረች ጊዜ «ሞኝ» ማለት ሲችሉ «አበረታች» ብለው የጻፉት እኚሁ ሰው ናቸው። እንዲህ አለች፣ መልሳ ተጠራጠረች፣ እንደገና እንዲህ አለች። እስከ ዛሬ አልቆረጠላትም።

ሰኞ ወረቀቱ ከበሩ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው አካባቢ «በሌላ መጣ» ሲባል በጓሮ የሚሸሽ ቀንሷል፤ በምትኩ «ጥሩወርቅን ጥሯት» ይባላል። የሽሮዋን እሳት ቀንሳ ትሄዳለች፣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፣ ከዚያ ለዳቦ ቤቱ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች። ማሩ የተማረ ሰው ሥራ አገኘሽ እያለ ያሾፍባታል። አንድ ቀን አንዱ ነጋዴ «ለምን ቅልጥፍ ያለ ሰው አይልኩልንም?» ብሎ አቤቱታ ሊያስፈርም ቢመጣ፣ እስክሪብቶውን ተቀብላ ሒሳብ ጻፈችበትና ሳትፈርም መለሰችለት።

ባለፈው መስከረም የዓመቱ ቁጥጥር ደረሰ። ጋሼ ካሳሁን በርሜሉን ከፍተው አዩ፣ ከመደርደሪያው ስር ጎንበስ ብለው አዩ፣ አዲስ ወረቀት ሰጧት። ነጥቡ አሁንም ዘጠኝ ነው። ሦስቱ ገቧት። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ለእሳቸውም ወንበር አቀረበች።

«ጋሼ፣ ስምንተኛውን እንደገና ያስረዱኝ። አልቸኩልም።»

ጋሼ ካሳሁን እስክሪብቷቸውን ይዘው ቀሩ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው እንደገና ያስረዱኝ ብሏቸው አያውቅም። ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፣ መለሱላት።

«ሳሙና አስቀምጪ» አሉ።

«ያ ብቻ?»

«ያ ብቻ ነው፣ ልጄ።»